አባባ ተስፋዬ፤ ባዶ ሰዓት ተሰጥቷቸው የሞሉት ሰው

በዚህ ዓምድ እስካሁን ስናቀርብ የቆየነው የነገሥታትን፣ የጦር መሪዎችን፣ የደራስያንንና የሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ ነው። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው አገር አላስተዳደሩም፤ ጦርም አልመሩም። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሕፃናትን ዙሪያቸውን ሰብስበው፣ ስለ ጅብና ስለ ዝንጀሮ ሲያወሩ ከአርባ ዓመት በላይ አለፋቸው። የመዝገብ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ነው። በዚህ ስም ብንጠራቸው ከአንባብያን ብዙው ለጊዜው ግራ ይጋባ ይሆናል፤ አባባ ተስፋዬ ስንል ግን ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ያደገው እንኳ ማንነታቸውን ለማወቅ አይቸገርም።

ይህን ታሪክ በዚህ እትም ለማውጣት የተነሣንበት ምክንያት አለን። በዶሃ፣ በአቡ ሃሙርና በአካባቢው የምንኖር የማኅበራችን አባላት ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች በየዓርቡ አንድ የተረት ሰዓት እንክፈት በሚል ሐሳብ ላይ ለሳምንታት ስንከራከር ቆይተናል። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። እዚያው አቡ ሃሙር ወደሚገኘው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ የሚመጣውም ቤተሰብ፣ በሰፈሩ መስጊድ ጁምዓ ሰግዶ የሚመለሰውም ልጆቹን ይዞ የሚወጣው በዚሁ ቀን ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ዓረብኛ ይማራሉ፤ እናት በአማርኛ ስትጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ከእኛ ግማሹ ይህ ነገር ያለ ፕሮጄክተር፣ ያለ ካርቱንና ያለ በቂ ገንዘብ አይሆንም አለ። ሌላው ግማሽ አንድ ወንበር ይበቃል አለ፤ ለማስረጃም አባባ ተስፋዬን ጠራ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሰውየውን ሕይወት በሚገባ አልተመለከቱም። ወንበሩ በእርግጥ ርካሽ ነበር። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን በምን ያህል ጊዜና በምን ዓይነት ድካም እንደ ተዘጋጀ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1910ዎቹ አጋማሽ በባሌ ተወለዱ። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ገና የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያ ትውልድ የትምህርት ቤት በር የተዘጋበት ትውልድ መሆኑ የታወቀ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ወጣቱ ተስፋዬ ሥራ ፈላጊ ጎረምሳ ነበሩ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በአዲስ አበባ ከመድረክ ሰዎች ጋር ተቀላቀሉ።

በዚያን ጊዜ ቴያትር እንደ ዛሬው በየዘርፉ የተከፋፈለ ሙያ አልነበረም። ተዋናይ የተባለ ሰው ይዘፍናል፤ መሣሪያ ይመታል፤ ቀልድ ያወራል፤ መጋረጃ ይጎትታል፤ ሲያስፈልግም ወንበር ይደረድራል። ተመልካቹም ገና መልመዱ ስለ ነበር ያልጣመውን ነገር በትዕግሥት አያልፍም። ወጣቱ ተስፋዬ ከመነሻቸው በዚህ ዓይነት ቤት ማደጋቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ በኋላ በቴሌቪዥን ለልጆች ሲዘፍኑ፣ መሣሪያ ሲጫወቱና ምትሃት ሲያሳዩ ያየናቸው ሁሉ ከዚህ የተገኘ ነው።

ከዚያ ዘመን ሥራቸው እጅግ የሚነገርላቸው የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወታቸው ነው። እነ አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ሴት ተዋንያን ወደ መድረክ ሳይወጡ በፊት አንዲት ሴት በሕዝብ ፊት ቆማ ትተውን ዘንድ የሚፈቅድ ቤተሰብ አልነበረም። ስለዚህ ሙሽራዋም፣ እናቲቱም፣ ባልቴቲቱም ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበሩ። ነገሩ ሲወራ ለሳቅ ይመቻል፤ ሥራው ግን የሳቅ አልነበረም። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ ያዘነች ሴት እጇን የት እንደምታደርግ፣ በንዴትና በኀፍረት መካከል ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በእነሱ ፊት ሴት መሆን የሚቻለው ሴትን በጥንቃቄ ለተመለከተ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከወገባቸው በላይ ብቻ እየታዩ፣ በአንድ ትንፋሽ አሮጊትም ጅብም ጥንቸልም ሲሆኑ ያን ጊዜ የተማሩትን ሲያወጡ ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚያ ኮሪያ አለ። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ገባ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም ሦስት ሻለቆች በተራ ተተካክተዋል። ተስፋዬ ሣህሉም ወታደሮቹን ሊያጫውቱ ወደዚያው ተጓዙ። የአገሩ ሰው ናፍቆት፣ የማያውቀው ብርድና ሞት የከበቡት ወታደር ፊት ቆሞ ማጫወት ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት እኛ ስደተኛ ተማሪዎች ብዙ አንቸገርም። ጦር ሜዳ ላይ ብሔራዊ መድረክ የለም፤ መጋረጃና የመብራት ሠራተኛም የለም። አንድ ሰው ድምፁንና ፊቱን ይዞ ይቆማል፤ ሰሚው ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም። ባዶ ስቱዲዮ ኋላ ሲሰጣቸው ያልደነገጡት ከዚህ የባሰ ባዶ ስላዩ ይመስለናል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው፣ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ተስፋዬ ሣህሉ የቤቱ ተዋናይ ሆኑ። በዚያም ለረጅም ዓመታት በብዙ ተውኔቶች ተጫውተዋል። ስለ መድረክ ሥራቸው ሌላ ጸሐፊ ሊጽፍ ይገባዋል፤ እኛ ወደ ቴሌቪዥኑ እንለፍ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ስቱዲዮው በአዲሱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ፣ በማታ ለጥቂት ሰዓታት፣ ለዋና ከተማው ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ማለት ደግሞ፣ ሠርቶ ያላየ ሰው ላይገነዘበው ይችላል እንጂ፣ ሰዓት የሚበላ ነገር ነው። ጋዜጣ ጽሑፍ ቢያጥረው ገጽ ይቀንሳል፤ ቴሌቪዥን ግን ዜናው እስኪደርስ መስተዋቱን ባዶ አድርጎ ሊጠብቅ አይችልም። ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አልነበረም። የእንግሊዙ ቢቢሲ እንኳ በ1950ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ በፕሮግራሞች መካከል ክፍተት ሲፈጠር አጫጭር ፊልሞች ያሳይ ነበር፤ ከእነሱም አንዱ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ጭቃ የሚያበጅ የሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ማሰሮው አልቆ የሚታይበት ጊዜ የለም። ወላጆቻችን እንደሚያስታውሱት በእኛም አገር ክፍተቱ የሚሞላው በሙዚቃ ነበር፤ ዜናው ዘገየ ሲባል አንድ ዘፈን ይከተላል፣ አሁንም ዘገየ ሲባል ሌላ ዘፈን ይደገማል።

የልጆች ክፍለ ጊዜም በጀቱን ስናይ ከዚህ ወገን ነው። ከውጭ አገር ፊልም አይገዛለትም፤ ከከተማ ውጭ ካሜራ አይላክለትም። የሚያስፈልገው አንድ ወንበር፣ አንድ መጋረጃ፣ ወለሉ ላይ የሚቀመጡ ጥቂት ሕፃናትና አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ተስፋዬ ሣህሉ ሆኑ። ሕፃናቱ አባባ ብለው ሲጠሯቸው ገና የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ስሙ ቀድሟቸው አረጀ፣ እሳቸውም ቀስ እያሉ ደረሱበት።

ፕሮግራሙ የሚከፈተው በሰላምታ ነው። ልጆቹን የዛሬ አበባ የነገ ፍሬ እያሉ ይጠሯቸውና ከሰላምታው በኋላ ዝም ይላሉ። ይቺን ዝምታ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ዝም የሚሉት በየቤቱ የተቀመጠው ልጅ እንዲመልስላቸው ነው፤ ልጁም ይመልሳል። ያየነውም የሰማነውም ይህንኑ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ እጅ ይነሣል፣ አንዳንዱም መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው እንዳየው እርግጠኛ ሆኖ ልብሱን ያስተካክላል። ከዚያ ተረቱ ይመጣል። በተረቱ መካከል ፊታቸው ይረዝማል፤ ዓይናቸው ይጠብባል፤ ድምፃቸው ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ከፊታቸው የተቀመጡ ሕፃናትም በተራቸው ተነሥተው ተረት ያወራሉ፣ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ፣ ይዘምራሉ። አንድ ልጅ ተረቱ መሐል ሲጠፋበት አባባ ተስፋዬ ቸኩለው አይጨርሱለትም፤ ይጠብቁታል። የአየር ሰዓት በሰከንድ በሚቆጠርበት ቤት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመካከላችን ሕክምና የምናጠናው ይህን ነገር ከሌላ አቅጣጫም እናየዋለን። የሕፃናት ሕክምና ክፍል ውስጥ ስንመደብ መጀመሪያ የምንማረው ከመድኃኒት በፊት አቀማመጥን ነው። ልጁን ከላይ ወደ ታች አትመልከተው፤ ዝቅ በል፤ ከእሱ በፊት እናቱን ወይም አሻንጉሊቱን አነጋግር፤ ጠይቀህ ዝም በል። ቸኩሎ የጠየቀ ሐኪም ለቅሶ እንጂ መልስ አያገኝም። በእርግጥ አባባ ተስፋዬን ሐኪም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን እኛ በብዙ ወጪ የሚሰጠንን ይህን ትምህርት እሳቸው በመድረክ ላይ በራሳቸው ድካም መማራቸውን ስናስብ ሥራቸውን የሰዓት መሙያ ብሎ መጥራት ያሳፍረናል።

እንዲያው ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ የሕፃናት ቴሌቪዥን ታሪክ የተለወጠበት ሰሳሚ ስትሪት የተባለው ፕሮግራም በ1969 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለመነሻው ወደ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ተማክረውበታል፤ ልጆች የትኛው ትዕይንት ላይ ዓይናቸውን እንደሚያነሡ ተለክቷል። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተባብረው የዓረብኛውን፣ ኢፍታሕ ያ ሲምሲም የተባለውን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ለማየት አብቅተዋል። እኛ ግን አንድ ሰው ነበረን። ይህን በኩራት ብቻ የምንናገረው አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ መኖሩ የድህነታችንም መለኪያ ነው። ሰውየው ሲታመምና ሲያረጅ የሚተካው የሠለጠነ ወጣት አልተዘጋጀም ነበር።

ፕሮግራሙ ሦስት መንግሥታትን አየ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተጀመረ፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ አልተቋረጠም፤ በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሲሆን አብሮ ቀለም ለበሰ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም ወንበሩ አልተነሣም። ዜና አንባቢው ተለወጠ፤ መዝሙሩ ተለወጠ፤ ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ምልክት ተለወጠ። ጅቡ ግን ያው ጅብ ነበር። በየቀበሌው አዳራሽ በወል ቴሌቪዥን ያየው ልጅና በሀብታም ጎረቤት መስኮት ተንጠልጥሎ ያየው ልጅ አንድ ተረት ይዘው አደሩ፤ በማግሥቱም ትምህርት ቤት ላልደረሰው ደግመው አወሩለት። ከእኛ አብዛኞቻችን የደረስነው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብቻ ነው፤ ወላጆቻችን በልጅነታቸው ያዩትን ሰው እኛም በልጅነታችን አየነው።

ሰውየውን ስለ ወደድን ብቻ ጉድለቱን እንዳላየን ማለፍ ግን ተገቢ አይደለም። ፕሮግራሙ በአማርኛ ብቻ ነበር። በመስተዋቱ ላይ የሚታዩት ልጆች በአብዛኛው የአዲስ አበባ ልጆች ነበሩ፤ የገጠሩ ልጅ የተረቱ ባለቤት ሆኖ ሳለ ተረቱን ሲያወራ አይታይም። ተረቶቻችን ራሳቸውም ንጹሕ አይደሉም። ሰነፍ ሚስት፣ ተንኮለኛ ባልቴት፣ የሚናቅ ባለ እጅ፣ የሚሳቅበት አካለ ስንኩል በብዛት ይገኙባቸዋል። መታዘዝን ያስተምራሉ፤ መጠየቅን ግን እምብዛም አያበረታቱም። በ1998 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ ከአርባ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ከፕሮግራሙ የተሰናበቱት በፕሮግራሙ ላይ በቀረበ ተረት ሰበብ በተነሣ ቅሬታ ነው። ስንብቱ ለዚያ ዕድሜ የሚመጥን ነበር ብለን አናምንም፤ አንድን አዛውንት እንደዚያ መሸኘት አሳዛኝ ነው። ቅሬታ መነሣቱ ግን ሊያስደንቀን አይገባም። ተረት ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም አይቆጣበትም ነበር።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ሌላ ነገር ተጀመረ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና ፀሐይ መማር ትወዳለች የተባለውን የልጆች ፕሮግራም በቤታቸው ውስጥ አዘጋጅታ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበች። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት። ሥራው በአነስተኛ ገንዘብ፣ በቤት ውስጥ በተሰፉ አሻንጉሊቶች ተጀምሮ በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ፕራይዝ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። በዚህም ቢሆን ርካሹ አሻንጉሊቱ ነው፤ መምህርቷ ልጆችን ለማወቅ ያጠፋችው ጊዜ ርካሽ አልነበረም።

አባባ ተስፋዬ ተረቶቻቸውን በመጻሕፍት አሳትመዋል። መጻሕፍቱ ጥሩ ናቸው፤ ያቺ ዝምታ ግን በወረቀት ላይ አትታተምም። የቴሌቪዥኑ ቅጂ ነገርም ያሳስባል። በድሮ ጊዜ የቪዲዮ ክር ውድ ስለ ነበር በዓለም ላይ ብዙ ጣቢያዎች የቀዱትን እየደመሰሱ በላዩ ሌላ ይቀዱ ነበር፤ ሀብታሙ ቢቢሲ እንኳ ብዙ የ1960ዎቹ ሥራዎቹን በዚህ መንገድ አጥቷል። መጀመሪያ የሚደመሰሰው ደግሞ ርካሽ ነው የተባለው ነው። እኛ ፈልገን ልናያቸው የቻልናቸው የአባባ ተስፋዬ ቁራጮች አብዛኞቹ ባለ ቀለም፣ የሽምግልናቸው ዘመን ናቸው። ጎልማሳውን፣ ከመድረክ ትኩስ የወጣውን ተስፋዬ ሣህሉን ለማየት የፈለገ ሰው አያቶቹን መጠየቅ ይኖርበታል።

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው አረፉ፤ ቀብራቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። ከአረፉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጆቻቸው የሚባሉት ግን፣ በሥጋ ያልወለዷቸው ማለታችን ነው፣ ዛሬ ከሠላሳ እስከ ስድሳ ዓመት የደረሱ ሰዎች ናቸው፤ በዶሃ የታክሲ ሾፌሮች፣ ነርሶች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶች ሆነው እናገኛቸዋለን። ስለ ዓርቡ ሰዓት ለአንዳንዶቹ ስንነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ፕሮጄክተሩ አልነበረም። ተረቱን ማን ነው የሚያወራው አሉን።

ስለዚህ በአቡ ሃሙር የምንኖር አባላት ባለፈው ስብሰባ የተስማማንበት እንዲህ ነው። ፕሮጄክተር አንገዛም፤ ወንበር ይዘንም ነገ አንጀምርም። በሁለት ወር ውስጥ እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ተረት አጥንተን፣ እርስ በርሳችን ፊት ቆመን አውርተን፣ ሳቅና ትችት ተቀብለን እንዘጋጃለን። ከሦስቱ አንዱ ከአማርኛ ተናጋሪው ውጭ ካለ የአገራችን ሕዝብ የተገኘ እንዲሆን ወስነናል፤ ለዚህም ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ሌሎች የአገራችንን ቋንቋዎች የሚያውቁ አባላት ቢረዱን እናመሰግናለን። ሴትን፣ ባለ እጅንና አካለ ስንኩልን የሚያዋርደውን ተረት ከማውራታችን በፊት ለይተን እንወያይበታለን፤ አንዳንዱን እንተወዋለን፣ አንዳንዱን ደግሞ ልጆቹ እንዲጠይቁበት አድርገን እናወራዋለን። መሣሪያ መምታት የምትችሉ ክራርም ቢሆን ዋሽንት ይዛችሁ ኑ። ለልጆቹ መቀመጫ የሚሆን ምንጣፍ ያለው ለጸሐፊያችን ያስታውቅ።